ሁለተኛ ዲግሪ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀር፦ ለሥራም ለፒኤችዲም ምን ይቅደም?

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ኮርስ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ቴሲስ ነው። ርእሴ በደምቢያ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ መቀንጨር ነው፤ ፕሮፖዛሉን ገና ዲፌንድ አላደረግኩም። የምማረው በግሌ ስለሆነ ስጨርስ የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት የለም። ይህችን ዓመት እንዲሁ ማሳለፍ አልፈልግም።

የምጠይቃችሁ፦ ቴሲሱ ለውጤት ብቻ ነው ወይስ ሥራ ሲፈለግም ያገለግላል? ጆርናል ላይ ማውጣት ልፋቱን ያህል ይጠቅማል? ለስኮላርሺፕ ካሁኑ መጀመር ያለበት ምንድን ነው? የኦንላይን ሰርተፍኬት ማብዛትስ ዋጋ አለው? «ኔትወርክ ፍጠሪ» የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ እንዴት ብዬ ስጠይቅ ግን መልስ የለም። እኅታችሁ።

ሚዛን_በር

እህቴ፣ ርእሱን አትቀይሪ፤ አሠራሩን ግን አሳምሪው። መቀንጨር ላይ የተሠራ ቴሲስ በየመደርደሪያው አለ። አንዱን ብትከፍቺ ናሙናው 423፣ ሌላውን ብትከፍቺ 845 ነው። 50 በመቶ ስርጭት፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ 10 በመቶ ላልተገኙ መጨመሪያ፣ ናሙናው በክላስተር (በቀበሌ በቀበሌ ተመድቦ) ሲወሰድ ደግሞ «ዲዛይን ኢፌክት» ብሎ በ2 ማባዛት፤ ስሌቱ የታወቀ ነው። ቀጣሪ ይህን አይቶ ስልክ አይደውልም። እሱ የሚፈልገው ሕፃን በትክክል ለክቶ የሚያስለካ ሰው ነው።

በዚህ ሙያ የእርዳታ ድርጅት ማስታወቂያዎች ደጋግመው የሚጠሩት «ስማርት ሰርቬይ» ነው፤ ሕፃናትን በአንድ ወጥ ሥርዓት እየለኩ የምግብ እጥረትን የሚያጠኑበት ዘዴ ማለት ነው። ሥልጠናው እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ሥርዓቱን ቴሲስሽ ውስጥ አስገቢው። ለዚሁ የተሠራው ኢኤንኤ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ መመሪያውም እንዲሁ። ለካሾቹን ካሠለጠንሽ በኋላ የደረጃ ፈተና ስጪ፦ 10 ሕፃናት ይቀርባሉ፣ እያንዳንዱ ለካሽ እያንዳንዱን ሕፃን ሁለት ጊዜ ይለካል፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ። ቁጥሩን ኢኤንኤ ውስጥ ስታስገቢ የማን እጅ እንደሚዋዥቅ፣ ማን ሁልጊዜ አስረዝሞ እንደሚለካ ይለይልሻል። የወደቀው እንደገና ይሠለጥናል፤ ሁለተኛም ካልሆነለት ረዳት ሆኖ ሕፃኑን ይይዛል እንጂ አይለካም። ይህ ቀን በጀት ይበላል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከተዘለለ በኋላ ግን መረጃውን የሚያድነው የለም።

ሚዛኑ በ0.1 ኪሎ፣ የቁመት ሰሌዳው በ0.1 ሴንቲሜትር የሚያነብ ይሁን። ክብደቱ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ 5 ኪሎ፣ ይዛችሁ በየጠዋቱ ሚዛኑን ፈትኑት፤ የገጠር መንገድ ሚዛን ያዛባል። ከ24 ወር በታች ያለው ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ተቃራኒው ከተሠራ በሁለቱ መካከል 0.7 ሴንቲሜትር ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ «ተኝቶ ወይስ ቆሞ» የሚል ጥያቄ ይኑር።

ትልቁ ጣጣ ዕድሜ ነው። መቀንጨር የሚሰላው ቁመትን ከዕድሜ ጋር አመዛዝኖ ስለሆነ፣ ዕድሜው በጥቂት ወር ሲሳሳት ደህናው ልጅ ቀንጭሮ ይወጣል፤ የቀነጨረውም ደህና ይመስላል። የክትባት ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የፈረንጁን ይፈልጋል። ዳታ ሰብሳቢ በቃሉ ሲቀይር ልዩነቱን ሁልጊዜ 7 ዓመት ያደርገዋል። 7 የሚሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። መፍትሔው ማንም እንዳይቀይር ማድረግ ነው፦ ኮቦ በሚባለው በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ላይ፣ ለቀን ጥያቄው አፒራንስ (appearance) በሚለው ዓምድ «ethiopian» ብለሽ ከጻፍሽ ስልኩ የእኛን ወር ዘርዝሮ ያሳያል፣ ሲያስቀምጥ ግን ራሱ ቀይሮ ነው። ካርድ ለሌለው ልጅ የአካባቢውን ዘመን ቁጠሪ፦ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ፣ ጤፍ ሲታጨድ ነው ሲዘራ። ይህን የክስተት ሰንጠረዥ አስቀድመሽ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አዘጋጂው። እንዲሁ ከተጠየቀ ሁሉም ልጅ 12፣ 24 ወይም 36 ወር ይሆናል፤ ገምጋሚም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ቅጹን ከተማ ላይ ሳላችሁ በሁሉም ስልክ አውርዱት። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ማታ መስመር ሲገኝ ይላካል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅጹ ላይ የጠበቀ ገደብ አታድርጊ። ስልኩ «አልቀበልም» ካለው ሰብሳቢው የሚቀበለውን ቁጥር ፈልጎ ይጽፋል። «ድጋሚ ለካ» የሚል ማሳሰቢያ ይውጣ፣ ሁለተኛውን ልኬት ግን ይቀበል።

በየማታው መረጃውን አውርደሽ የኢኤንኤን የጥራት ሪፖርት አውጪ። አሃዙ በ.0 እና በ.5 ላይ ከተከማቸ ለካሹ እየገመተ ነው። የክብደት ለቁመት ዜድ ስኮር (ልጁ ከመለኪያው አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር) ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከ0.8 እስከ 1.2 ካልሆነ በማግስቱ ቡድኑን ተከትለሽ ሂጂ። የመጨረሻውን ሪፖርት ከቴሲሱ ጀርባ አያይዢው። ከዚያ ሲቪሽ ላይ «ዳታ በመሰብሰብ ተሳትፌአለሁ» ከማለት ይልቅ «ለካሾችን በስማርት የደረጃ ፈተና ፈትኛለሁ፣ የ845 ሕፃናት መረጃ በኮቦ ሰብስቤ የጥራት ሪፖርት አውጥቻለሁ» ትያለሽ። ቃለ መጠይቅ ላይም የሚያስወራሽ ይኸው ነው።

ሦስተኛው_ገምጋሚ

ሚዛን በር ያለው ላይ አንድ ልጨምር፣ አንድ ደግሞ ልቃወም። ልኬቱ ቢያምርም ትንታኔው የተለመደው ከሆነ ጥሩ ጆርናል አይቀበለውም። በየቴሲሱ እንዳለው ፒ ቫልዩ ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ዋናው ሞዴል አስገብቶ ከ0.05 በታች የቀረውን «ተዛማጅ ምክንያት» ማለት አሁን አሁን በገምጋሚ ይመለሳል። የትኛው ተለዋዋጭ ለምን እንደሚገባ አስቀድመሽ በሥዕል አስቀምጪው። ደግሞም መቀንጨር በእኛ አካባቢ ብርቅ ነገር አይደለም። ስርጭቱ 40 በመቶ አካባቢ ሲሆን ኦድስ ሬሾን «ይህን ያህል እጥፍ ተጋላጭ ነው» ብሎ ማንበብ ውጤቱን ያጋንናል፤ የሁለቱን ቡድን ስርጭት በቀጥታ የሚያነጻጽረውን ፕሪቫለንስ ሬሾ ብታወጪ ይሻላል፣ ስታታ በሚባለውም አር በሚባለውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይሠራል። የትንታኔ ኮድሽን በፋይል አስቀምጪ፤ በመዳፊት እየነኩ የተሠራን ትንታኔ ከስድስት ወር በኋላ ገምጋሚ ሲጠይቅ መድገም አይቻልም።

ማሳተም ይጠቅማል ወይ ላልሽው፦ ለፒኤችዲና ለመምህርነት በጣም፤ ለፕሮጀክት ሥራ ግን እምብዛም። ሐሳብሽ ፕሮጀክት ብቻ ከሆነ አትሰቃዪበት።

ካሳተምሽ ደራሲነቱን አሁን፣ ፕሮፖዛል ላይ ሳለሽ ተነጋገሩበት። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ያወጣው መለኪያ አራት ነጥብ አለው፦ በሥራው ላይ ቁም ነገር ያለው አስተዋፅኦ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱንም ያላሟላ ምስጋናው ውስጥ ይገባል። ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ ከዲፌንስ በኋላ ስም ይበዛል፣ ተራው ያጨቃጭቃል፣ ወረቀቱም ማንም ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አማካሪሽን «የደራሲነት ነገር እንዴት ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ጽሑፉን ስትጽፊ እንዲህ ያለ ጥናት ሲጻፍ መካተት ያለበትን የሚዘረዝረውን፣ ስትሮብ የሚባለውን ባለ 22 ነጥብ ዝርዝር አጠገብሽ አድርጊ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቁጥርና ቀን የግድ ይጠየቃል፤ መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ የሚገኝ ፈቃድ ደግሞ የለም። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርሽን ዛሬ አውጪ፤ ነፃ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም። ለእኛ በተለይ ያስፈልገናል። አንዱ ጆርናል የአባትሽን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፣ ሌላው የአያትሽን፤ በስምሽ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሥራሽን አያገኘውም። ባለ 16 አሃዙ መለያ ሁሉንም ያያይዘዋል።

ክፍያን በሚመለከት፦ ክፍት ጆርናሎች (ማንም በነፃ የሚያነባቸው) ከደራሲው ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ግን ትልልቆቹ አሳታሚዎች ክፍያውን ይምራሉ። ሁለት ነገር ግን ይህን ዕድል ያሳጣሻል። አንዱ፣ ምሕረቱ የሚጠየቅበትን ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ በብዙዎቹ ዘንድ ጥያቄው የሚቀርበው ወረቀቱ ሲገባ ነው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «ገንዘብ የለኝም» ቢባል አይሰሙም። ሁለተኛው፣ ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ (ኮረስፖንዲንግ ኦተር) ውጭ አገር ያለ ተባባሪ ሲሆን ምሕረቱ ሊቀር መቻሉ ነው። የአገሮች ምድብ ስለሚለዋወጥ በምታስገቢበት ቀን የአሳታሚውን ዝርዝር እዪ።

በሦስት ቀን ተቀበልን የሚል ኢሜይል ከመጣ ግምገማ አልተደረገም፣ ክፍያ ነው የሚፈለገው። ጆርናሉ በክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ ዶአጅ በሚባለው ውስጥ መኖሩን አጣሪ። የአገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው መሆኑን፤ መምህር ስትሆኚ ለዕድገት የሚቆጠረው እሱ ነው።

የምቃወመው ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ዓመት 845 ሕፃን ለክቶ፣ ተንትኖ፣ አሳትሞ መጨረስ በጣም ይከብደዋል፤ መንገድም በቀላሉ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው በዳባት ለረጅም ዓመታት የሚከታተለው የሥነ ሕዝብና የጤና መረጃ ጣቢያ አለው። በአግባቡ ጠይቆ ካለው መረጃ መሥራት ዝቅ ያለ ነገር አይደለም።

ፒያሳ_ፎቶኮፒ

ሰነዱን ማንም አላነሣም። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ኦሪጅናል ዲፕሎማ እጅሽ ላይ አለ ወይስ ቴምፖ (ጊዜያዊው ሰርተፍኬት) ብቻ ነው? ኮስት ሼሪንግ ካልተከፈለ ኦሪጅናሉ አይሰጥም። ካልከፈልሽ ገቢዎች ሄደሽ ሒሳቡን ዝጊ፣ የጨረስሽበትን ደብዳቤ ለተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አስገቢ። ሌላ ከተማ ከተማርሽ ይህ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስኮላርሺፕ ካገኙ በኋላ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ስምሽ በፓስፖርቱ፣ በዲፕሎማውና በትራንስክሪፕቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንድ ፊደል ከለየ አሁኑኑ ሬጅስትራር ጠይቂ፤ ከምርቃት በኋላ ማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ክሊራንስ ስትጨርሺ አብረሽ አውጪ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በቋንቋ ፈተና ምትክ ይቀበሉታል። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ግን አትቸኩዪ፣ ማመልከቻው ሲቃረብ ተፈተኚ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለውን፣ ደመወዙን፣ የወጪ ቁጥርና ማኅተም ይያዝ። ከመንግሥት ውጭ የሠራሽው ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን ካልገለጸ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቆጥርልሽም። በአበል ዳታ የሰበሰብሽበትንም ቢሆን ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ አጽፊ። ፕሮጀክት ከተዘጋ ማኅተሙም አብሮ ይሄዳል።

የማራኪዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ኦሪጅናሉ እጄ ላይ የለም፤ ነገ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለፒኤችዲ ፕሮፌሰር በኢሜይል መጠየቅ ውጤት አለው? እዚሁ ጎንደር ዙሪያ ሥራው አለ ወይስ አዲስ አበባ ካልሄዱ አይሆንም?

ሰሜን_ተራራ

ኢሜይሉ ውጤት አለው፤ ለሃምሳ ሰው የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ግን የለውም። ፕሮፌሰሩ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣውን አንድ ወረቀት አንብቢ። ከሱ ውስጥ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አንሺ፤ የአንቺ መረጃ እንዴት እንደሚገናኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሲቪ ባለ 2 ገጽ፣ የጥናት ሐሳብ ባለ 1 ገጽ አያይዢ። «ስኮላርሺፕ ይስጡኝ» አትበዪ፤ «በዚህ ርእስ ተማሪ የሚቀበሉ ከሆነ ለዚህ የገንዘብ ምንጭ አብረን ማመልከት እንችላለን ወይ» በዪ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንድ ጊዜ አስታውሺና እለፊ። በሰሜን አውሮፓ አገሮች ደግሞ ፒኤችዲ ደመወዝ ያለው ቅጥር ነው፤ እንደ ማንኛውም ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል፣ ዩራክሰስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

የጊዜ ሰሌዳው ከእኛ ዓመት ጋር እንዲህ ይገጥማል፦ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ማመልከቻ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የትርፍ ሰዓትና የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሰዓትሽን ካሁኑ መዝግቢ። የሚሰጠው ግን ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ፒኤችዲ ብቻ ከፈለግሽ እለፊው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስም እንዲሁ ለማስተርስ ነው፤ አብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ይዘጋል። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ዳአድ በአገር ውስጥና በአፍሪካ ለሚማሩም ይሰጣል፤ ቀኑ በየፕሮግራሙ ይለያያል።

ምስክር የሚጽፉልሽን ሰዎች ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቂ፤ ሲቪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የማመልከቻሽን ረቂቅ ላኪላቸው። «አንቺው ጻፊውና ልፈርም» የሚል መምህር አይጠፋም። እንደምንም አግባቢው፤ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ሰው አጻጻፍ ሲመጣ መራጮች ያውቁታል። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይላክ፤ ከግል ኢሜይል የመጣን ደብዳቤ የማይቀበሉ አሉ።

ሰርተፍኬት ላልሽው፦ አሥር ከመደርደር ሁለት ይበቃል፣ ከሥራሽ ጋር ከሄደ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ውስጥ ያለው የዳታ ሳይንስ ኮርስ ነፃ ነው። ኮርሴራም የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ ይቀበላል፣ መልሱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ከሰርተፍኬቱ ይልቅ በተማርሽው የራስሽን መረጃ ተንትነሽ ያወጣሽው ግራፍ ያሳምናል።

የደባርቅ_መንገድ

ስለ ሥራው ሐቁን ልንገርሽ። በ2025 እ.ኤ.አ. የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ሲቋረጥ ብዙ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ተዘግቷል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አሁን ለጀማሪ መደብ ይወዳደራሉ። ስለዚህ «ማስተርስ አለኝ፣ ኦፊሰር ካልሆንኩ» ማለት አያዋጣም።

ግን ጎንደር ዙሪያ ባዶ አይደለም። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ አለ፤ በመተማ በኩል ከሱዳን የመጡ አሉ። እዚያ የሚፈለገው የጣቢያ ሥራ ነው፦ የክንድ ዙሪያ ልኬት፣ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የሆነውን ወደ ሕክምና ማስገባት፣ የአልሚ ምግብ ክምችት መቆጣጠር፣ ሳምንታዊ ሪፖርት። አዲስ አበባ ያለው አመልካች ወደዚያ መሄድ አይፈልግም፤ አንቺ አማርኛውን፣ መንገዱን፣ ወረዳውን ታውቂያለሽ። በማመልከቻ ደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይህን ጻፊው።

የጽሑፍ ፈተናው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ኤክሴልና የታካሚ ብዛት ግምት ላይ ነው። የኋለኛው ስሌት ቀላል ነው፦ ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት ብዛት በከባድ ምግብ እጥረት ስርጭት፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በ2.6፣ ከዚያ በሽፋን (አገልግሎቱ በሚደርሳቸው ሕፃናት በመቶኛ) ይባዛል። 30,000 ሕፃናት፣ ስርጭት 2 በመቶ ቢሆን፣ 600 በ2.6 ሲባዛ 1,560 ነው፤ ሽፋኑ 50 በመቶ ከሆነ 780 ልጅ ይጠበቃል። 600 ብለው የሚያቆሙት ስርጭት የአንድ ቀን ፎቶ መሆኑን ረስተው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ አዲስ የሚታመሙትም አሉ። ከዚህ ተነሥቶ ስንት ካርቶን አልሚ ምግብ እንደሚያስፈልግ ማስላትም ይጠየቃል።

ዩኒቨርሲቲ ከፈለግሽ ማስታወቂያው በአዲስ ዘመንና በየዩኒቨርሲቲው ገጽ ይወጣል። ፈተና፣ የማስተማር ማሳያና ቃለ መጠይቅ አለ፤ ብዙዎቹ ለሴቶች የሚሰጡትን ድጋፍ ማስታወቂያው ላይ ያስቀምጣሉ፣ አንብቢው። ለሁሉም ግን አንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ፣ የመደቡን ስም በኢሜይሉ ርእስ ላይ ጽፈሽ ላኪ። በቴሌግራም «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር» የሚል ካየሽ ዝጊው።

«ኔትወርክ» ያልሽውም እዚህ ነው። ቴሲሱ ሲያልቅ ውጤቱን በ2 ገጽ አማርኛ ጽፈሽ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለዞኑ ጤና መምሪያ አስረክቢ፤ በግማሽ ሰዓት ላቅርብላችሁ በዪ። አጋር ድርጅቶች የሚሰበሰቡበት ቀን ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ቀጣሪዎቹ ያሉት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ሚዛን_በር

ሦስተኛው ገምጋሚ ስለ ናሙናው ብዛት ያነሣው ትክክል ነው። 845 የግድ አይደለም፤ ከየክላስተሩ የምትወስጃቸውን ቤቶች ቁጥር አሳንሰሽ የቤቶቹን ምርጫ ካጠበቅሽ፣ የዲዛይን ኢፌክቱንም ቀደም ካሉ ጥናቶች ወስደሽ በ1.5 ካሰላሽ 634 ይበቃል። የዳባቱን መረጃ ግን ለመጠባበቂያ ያዢው እንጂ ለሰርቬይ ሥራ የምታመለክቺ ከሆነ በራስሽ እጅ የለካሽው ይበልጣል።

መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። የቁመት ሰሌዳና ሚዛን ለመዋስ የምትጠይቂው ወረዳ ላይ ስትደርሺ ነው፤ መስክ ከመውጣትሽ በፊት ግን አንቺው ፈትኚው፣ የጤና ጣቢያ ሰሌዳ ተንሸራታቹ ብዙ ጊዜ ይላላል። ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ከሰኔ በኋላ ጥቁር አፈሩ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅም ሞተርም አያስገባም። ልኬቱ ከግንቦት በፊት ያልቅ።